የታጠፈችው ኢንች

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው «አባ ኢንች» ብሎ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሲለኩና ሲቆርጡ ኖረው፣ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ከሱቁ መስኮት ሥር ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ሜትራቸው በአንድ ፊቱ ሳንቲሜትር፣ በሌላው ኢንች አለው። እሳቸው ግን ሳንቲሜትሩን አንድም ቀን ገልብጠው አይተውት አያውቁም።

ቤታቸውም ያው ነው። አግዳሚው ላይ ቦታ ሲጠባቸው «አንድ ኢንች ጠጋ በሉ»፣ ሻይ ሲቀዳላቸው «ኢንች ጨምሪበት» ይላሉ። ሚስታቸው ያኮረፉ ቀን ደግሞ፣ «ምነው፣ አንድ ኢንች ፈገግታ እንኳ አጣሁ?»

«የአንተን ምላስ የሚለካ ሜትር ገና አልተሠራም!» ይሏቸዋል ሚስት፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

ሥራ ላይ ግን ኢንች ቀልድ አይደለችም። አባ ኢንች በየልብሱ ጎን፣ ከውስጥ በኩል፣ የአውራ ጣታቸውን ስፋት ያህል ጨርቅ ሳይቆርጡ አጥፈው ይተዋሉ። «ሰው ደረቅ እንጨት መሰላችሁ? ይከሳል፣ ይወፍራል። ልብሱ ሊጠብቀው ይገባል» ይላሉ።

ሱቁን የተረከበችው ትልቋ ልጃቸው ይህ አይዋጥላትም። ጠርዙን እየቆረጠ የሚሰፋ ኦቨርሎክ መኪና ገዝታለች። «አባዬ፣ የአንተ ትርፍ ልብሱን ያሳብጠዋል። ዛሬ ሰው በልኩ ነው የሚለብሰው።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብለው ወደ ቁልፋቸው ይመለሳሉ።

የታናሿ ልጃቸው የሰርግ ቀን በተቆረጠ ሰሞን ሚስታቸው በጠና ታመሙ። ከሰውነት ተራ ወጡ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ «የልጄ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ አይቶኝ ‹ወይ ጉድ፣ ጥላዋ ነው የቀረው› እንዲል አልፈልግም። ያንን ሰማያዊ ሐር ነው የምለብሰው።»

ሰማያዊው ሐር አባ ኢንች ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሣጥን ውስጥ ያኖሩት ጨርቅ ነው። ዛሬ ገበያ ቢዞሩ አይገኝም። ትልቋ እናቷን አልጋ ላይ ደግፋ ስትለካ፣ አባት ከበሩ ላይ ሆነው «ትርፍ ተዪ፣ ልጄ» አሉ።

«እናቴን በልኳ ነው የምሰፋላት» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ቃሏ እንደ መርፌ ወጋቸው። እንግዲህ ልጅቱ እናቷ ድና ትሞላለች ብላ አታስብም ማለት ነው? ሆድ ይፍጀው ብለው ከበሩ ዞር አሉ።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ሴትዮዋ ዳኑ። ምግብ ጣማቸው፣ ጉንጫቸው ሞላ፣ ነገር ማጣፈጡም ተመለሰላቸው። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ሐሩን ለበሱና ትልቋ ዚፑን ሳብ ብታደርገው፣ ወገባቸው ላይ ደርሶ እምቢ አለ።

«ይሄ የማን ልብስ ነው?» አሉ፣ በሳቅ ሊያልፉት ሞክረው። ከዚያ መስታወቱን አዩና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በቃ፣ ያ አሮጌው ግራጫ ይሁንልኝ።»

ሐሩ አልቋል። «ብዬሽ ነበር» ማለት አባ ኢንችን አማራቸው፣ ግን አሁን ምን ሊረባ? ይህን ጊዜ ልጃቸው መጥታ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ እስቲ ዳስሰው» ብላ ጣታቸውን ከገበሩ ሥር አስገባች።

ከብብት እስከ ዳሌ የወረደች ለስላሳ እጥፋት አገኙ። አውራ ጣታቸውን አጋደሙባት። እጥፋቷ ከጣታቸው አልፋ ሄደች።

«ይቺማ ኢንች አይደለችም» አሉ።

«ሁለት ናት።»

«በልኳ ነው የምሰፋላት አላልሽም?»

«እማዬ እየሰማች! ‹ለካ ይህን ያህል ከስቻለሁ› ብላ ብታለቅስስ? በኋላ ለመቁረጥ መቀሱን ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ኢንች ተውኩ። ቆይቼ ሳያት ደግሞ አነሰችብኝ።»

«ታዲያ ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስምህን እንዳታወርሰኝ ፈርቼ ነዋ!»

እናት እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሁለት ኢንች! ኧረ ምን አክላለሁ ብለሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?»

አባት ስፌቱን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙ፤ ልጅ ክሩን በምላጭ እየለየች ፈታች። የስፌት መኪናው ጥቂት አጉረመረመ፣ ካውያውም አለፈበት። ሐሩ እንደገና ሲለበስ ዚፑ ያለ ጭቅጭቅ ሽቅብ ወጣ። ሚስት መስታወቱ ፊት ዞር፣ ዞር አሉ። አባ ኢንች አጥርተው ባያዩም ሰማያዊው ሲንቀሳቀስ ታያቸው፤ ያም በቃቸው።

«ከየጎኑ አንዳንድ ኢንች ተርፏል» አለች ልጅ። «ልቁረጠው?»

«ንኪውና እንተያያለን!» አሉ አባት።

«እኔም እንደዚያው ነው የምለው» አሉ ሚስት፣ ወደ ጓዳ እያመሩ። «ምሳ አቅርቡ፤ የቀረችውን ኢንች ከዛሬ መሙላት ልጀምር።»