ዘጠኝ ከረጢት አፈር

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ዶክተር ሀብተ ጊዮርጊስን አላወቃቸውም። ውብዳር ግን በደንብ ታውቃቸዋለች። በፈረንጆቹ 1973 አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአማዞን ጫካ ቆፍረው ያመጡትን የጥንት የሸክላ ገል ላቦራቶሪ ውስጥ የምታጥብላቸው ተማሪያቸው እሷ ናት።

ገሉ ከነአፈሩ አሥር ከረጢት ነው። በየከረጢቱ ካርድ ላይ «ይታጠብ፤ አፈሩ ይደፋ» ብለው ይፈርማሉ። የጫካው አፈር ድሃ ነው፣ ከተማ አይመግብም፣ የኖሩበትም ጥቂት ዘላኖች ናቸው ባይ ናቸው። ቅዳሜ ሳን ሆዜ ሄደው የምሁራን ጉባኤ ላይ ይህንኑ ሊያስተምሩ ስላይዳቸውን ደርድረዋል።

ዘጠኙን አጥባ አሥረኛውን ስትፈታ እጇ ቆመ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ አመድና የዓሣ አጥንት ተቀላቅሎበታል። ወሊሶ፣ ከእናቷ ቤት ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ያለውን አፈር መሰላት። የዘጠኙን ከረጢት አፈር ግን ልብ ሳትለው በገዛ እጇ ቧንቧ ውስጥ ደፍታዋለች።

አንድ እፍኝ ዘግና ቢሯቸው ገባች። «ዶክተር፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል?»

የእንሰት አገር ልጅ አይደሉ! በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸው በራ። «ይሄማ የጓሮ አፈር ነው! አመድና ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ። ብዙ ሰው ብዙ ዘመን ካልኖረበት እንዲህ አይጠቁርም። ከየት አገኘሽው?»

«ከጫካዎ። ከአሥረኛው ከረጢት።»

ዶክተሩ ተነስተው በሩን ዘጉ። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ቼክ ላድርገው» አሏት። እንዲህ የሚል ሰው ደግ አያስብም ብላ ዘጠኙን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቅዳሜ ሳን ሆዜ ላይ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በጫካው ብዙ ሕዝብ ኖሯል፤ ይህን ጥቁር አፈር እኔ ደረስኩበት!» አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር እጃቸውን አውጥተው የቀሩት ከረጢቶች አፈር የት እንዳለ ጠየቁ።

ዶክተሩ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ረዳቴ ሳታውቅ አጥባ ደፋችው» አሉ።

ወይ ጉድ! ውብዳር ቴሲሷን የምትጽፈው በዚሁ ሙያ ነው። ማስረጃ አጠፋች ከተባለች ማን ዳግመኛ ላቦራቶሪ ያስገባታል? እሷም ለመስማት መጥታ ነበርና ከኋላ ወንበር ተነሳች፤ መድረኩ ድረስ ሄደች፤ «አፈሩ ይደፋ» ብለው የፈረሙባቸውን ዘጠኙን ካርዶች ፊታቸው አንድ በአንድ ደረደረች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ያነቡልናል ወይስ እኔ ላንብበው?» አለች በእንግሊዝኛ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ።