ቀጠሮው የሐሙስ ነው

ሰው አገር ሊጎበኝ ሲመጣ ዕረፍት ይፈልጋል ይላሉ። ውሸት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው የሚፈልገው ወረፋ አለመቆም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ኪሳቸው የሞላ እንግዶች ሳይንገላቱ ከተሞቻችንን እንዲያዩ ፕሮግራም አወጣለሁ። አምስተርዳም፣ ዘ ሄግ፣ ዴልፍት፣ ማስትሪክት። ስሜ ዮሊን ነው። ደንበኞቼ ከኋላዬ «ሰዓቷ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ምክሬ ውስብስብ አይደለም። ሙዚየም የሚገባው በሩ ሲከፈት ነው፤ ረፈድ ካለ ተማሪዎች ይወሩታል። ቲኬቱ ከነሰዓቱ ከወር በፊት ይቆረጣል፤ እኛ አገር በር ላይ ተለማምጦ መግባት የለም። ቦይ ዳር ያሉት አሮጌ ቤቶች ሆቴል ሲሆኑ ያምራሉ፣ ደረጃቸው ግን ደረጃ ሳይሆን መሰላል ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምድር ቤቱን አስቀድሞ ይያዝ። እራት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ምግብ አብሳዩ ሽርጡን ሰቅሎ ወደ ልጆቹ ሄዷል፣ ብር ቢነሰነስለት አይመለስም። ቀይ የተቀባው መንገድ የብስክሌት ነው፤ እዚያ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሚሊየነርም ይሰደባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ቤት ያለ ቀጠሮ አይኬድም፤ የገዛ እናት ቤትም ቢሆን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያልኩ ይህን ለመጣው ሁሉ እሰብክ ነበር።

ወይዘሮ አሌይዳ የደወሉልኝ በመጋቢት ነው፣ ከጄኔቭ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው፤ የዴልፍት ልጅ ሆነው የሰዓት ነጋዴ አግብተው ስዊዘርላንድ ከገቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

«ጥሩ የተባለውን ሆቴል ያዢልኝ፣ ጥሩ የተባለውን ምግብ ቤትም። ሦስት ቀን ይበቃኛል» አሉ።

«ደስ ይለኛል። ምን ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

«እህቴን።»

እህታቸው ኔል ትባላለች፤ በሁለት ዓመት ታናሻቸው ናት፣ ዴልፍት ውስጥ ተወልዳ እዚያው ያረጀች። ለአስራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው የተቀበሩ ዕለት የአሌይዳ ባል ትልልቅ ሰዎችን እራት ጋብዞ ነበርና አሌይዳ አልመጡም፤ አበባ ላኩ። ኔል ስልክ ደውላ «አበባሽ ደርሷል» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰሙም። አሁን እርጅናው ሲጫን፣ ባልም ሲያልፍ፣ አሌይዳ አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፦ እህታቸው ፊት ተቀምጦ «በድዬሻለሁ» ማለት። በደብዳቤ አይሆንም፣ በስልክም አይሆንም፤ ፊት ለፊት። ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ መልሱ በፖስት ካርድ መጣ። ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ቡና አለ። ኔል።» ይኸው ነው። እኛ አገር ሰው ከዚህ በላይ አያበዛም።

«እንግዲያው ረቡዕ ማታ ልግባ?» አሉኝ።

«በጭራሽ። ለትልቅ ጉዳይ ዋዜማ ላይ አይደረስም። አውሮፕላን ይዘገያል፣ ሰው ይደክማል። ማክሰኞ ይግቡ፣ ረቡዕ ዘ ሄግ ወስጄ ሥዕል አሳይዎታለሁ፣ ሐሙስ እንደ ጽጌረዳ ፈክተው ይሄዳሉ።»

«ሥዕሉ ይቅርብኝ።»

«ሥዕሉ ለርስዎ አይደለም፤ ለጭንቀትዎ ነው። አለዚያ ሆቴል ተቀምጠው ጥፍርዎን ሲበሉ ይውላሉ።»

ሳቁ። «አንቺ ሰውን እንደ ባቡር ነው የምትነጂው» አሉኝና ተስማሙ።

ማክሰኞ እንዳልኩት ገቡ። ዴልፍት ውስጥ ምድር ቤት ያለች፣ ቦዩን የምታይ ክፍል ይዤላቸዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ዘ ሄግ ሙዚየሙ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነበርን፤ አንድም ሰው ከፊታችን የለም። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣላቸው ሥዕሎች ፊት አቆምኳቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው ፖስት ካርዱን ያያሉ። ምሳ የቀረበላቸው ዓሣ ከሰሜን ባሕር በዚያው ጠዋት የወጣ ነው፣ ሹካቸውን ነክረው ተዉት። እኔ ግን አልተከፋሁም፤ ሰዓቱ እየሄደልኝ ነበር።

ዴልፍት ስንመለስ አስር ሰዓት ገደማ ሆኗል። «ሰፈሬን ብቻ ልየው፣ አልፈን እንሄዳለን» አሉኝ። ክንዴን ይዘው በቦዩ ዳር ሄድን።

እኛ አገር መስኮት መጋረጃ አይጋረድበትም። የምደብቀው የለኝም እንደማለት ነው። አላፊ አግዳሚውም ቀና ብሎ አያይም፤ ይህም ጨዋነት ነው። ቤቱ ክፍት፣ ዓይን ዝግ። ወይዘሮ አሌይዳ ግን አረንጓዴው በር ጋ ሲደርሱ እግራቸው ተያዘ። መስኮቱ ውስጥ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ቆመው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ይተኩሳሉ። አፍንጫቸው ቁርጥ የአሌይዳ ነው።

«ኔል ናት» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አይዩ እንጂ! ይራመዱ።»

«አርጅታለች።»

«እርስዎስ ቢሆኑ?»

«ባለጌ» አሉኝ፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። ሦስት እርምጃ አልፈን ቆሙ። «ዮሊን፣ ደወሉን ብጫነውስ? አሁን። ይቺን አንዲት ቃል ብያት ልመለስ።»

የቀኝ እጃቸውን ጓንት አውልቀዋል። ይህን አይቻለሁ። አይቼም ያልኩትን ልንገራችሁ።

«ቀጠሮው የሐሙስ ነው። እህትዎን ሽርጥ አድርገው፣ ፀጉራቸው ሳይሠራ፣ ካውያ ይዘው በር ላይ ሲያገኟቸው ምን ይሰማቸዋል? አስራ ዘጠኝ ዓመት የታገሡትን በአንድ ቀን ሊያበላሹት ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«እውነትሽን ነው። ኔል ልጅም ሆና ድንገት የሚመጣ ሰው አትወድም ነበር» አሉና ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ። ማታም፣ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እራታቸውን አሟጠው በሉ። እኔም ቤቴ ሄጄ እግሬን ሰቅዬ፣ ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ እያሰብኩ ተኛሁ።

ሐሙስ ስምንት ደቂቃ ቀድመን ደረስን። መቅደምም እንደ መዘግየት ነውር ነውና እስከ ድልድዩ ሄደን ተመለስን። ልክ በአራት ሰዓት ተኩል አሌይዳ ደወሉን ተጫኑ። ዝም። ሰዓቴን አየሁ፣ እንደገና ተጫኑ። ዝም።

«ሐሳቧን ቀየረች» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማድ ቤት ይሆናሉ። ይታገሡ።»

የጎረቤቱ በር ተከፈተና አንዲት ደልደል ያሉ ሴት የቤት ጫማ እንዳደረጉ ብቅ አሉ። ትሩስ ይባላሉ፤ ለሰላሳ ዓመት የኔል ጎረቤት ናቸው። «ኔልን ነው?» አሉ።

«እህቷ ነኝ። ቀጠሮ አለን።»

ትሩስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እናቴ! እርስዎ ነዎት? ማታ እራት ልትበላ ስትነሳ ወደቀች። የወንበር ድምፅ ሰማሁና በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። አምቡላንስ ወሰዳት። ልደውልልዎ ፈልጌ፣ ያገኘሁት አድራሻ የጄኔቭ ብቻ ነው፤ የት ሆቴል እንዳረፉ በምን ልወቅ?»

አሌይዳ ግን አልጮኹም። «ትኖራለች?» ብቻ አሉ።

«ትተነፍሳለች» አሉ ትሩስ።

ለኔል የሌሊት ልብስ መያዝ ስላለባቸው ትሩስ በሩን ከፈቱት። ጠረጴዛው ላይ የተተኮሰው ልብስ ተነጥፏል፤ ሁለት ሲኒ ተደፍቶበታል። አሌይዳ እጃቸውን ልታጠብ ብለው መጸዳጃ ቤት ገብተው ቆዩ። እኛ ዘንድ የልደት ቀን መቁጠሪያ የሚሰቀለው እዚያ ነው፤ የዘመድ ወዳጁ ልደት ይጻፍበትና ለዘመናት አይነሳም። ሲወጡ «ስሜ አለ። አልሰረዘችኝም» አሉኝ። «መኪናው ዝግጁ ነው» አልኩ። ይቺ ነች የኔ ማጽናኛ።

ወደ ሆስፒታሉ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ትሩስም የኔልን ልብስ ይዘው ከኋላ ገቡ። ገና ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ቀይ መብራት በራ፤ ድልድዩ ለአንድ የአሸዋ ጀልባ ሊነሳ ነው። ድልድይ መቼ እንደሚነሳ አጥንቼ መንገድ የማወጣ ሴት፣ መሪዬን ይዤ ጀልባ ሲንፏቀቅ አየሁ። ብጮህ የሚሰማኝ የለም፤ ደግሞ እዚህ አገር ለድልድይ ማንም ጡሩምባ አይነፋም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ትሩስ ከኋላ ወንበር «ትናንት እኮ አይታዎታለች» ያሉት።

አሌይዳ ዘወር አሉ።

«ረቡዕ ረቡዕ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ዘንድ ሻይ እንጠጣለን። ስትገባ ፊቷ በርቷል። ‹አሌይዳ በመስኮቴ ስር አለፈች› አለችኝ። ‹አንዲት ረጅም ሴት ይዛታለች። ካውያዬን አስቀመጥኩና መስታወቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ።› ‹ታዲያ ምነው ሳታንኳኪ?› ስላት፣ ‹ቀጠሮው የሐሙስ ነው እኮ። ኬክም አልገዛሁ። ምናልባት እሷም ገና አልተዘጋጀችም ይሆናል፤ ለምን አሳቅቃታለሁ?› አለችኝ። ስትስቅ ነበር፣ እመኑኝ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

አሌይዳ ወደ እኔ አላዩም። ቢሰድቡኝ፣ «አንቺ ነሽ የከለከልሽኝ» ቢሉኝ በስንት ጣዕሙ! ጓንታቸውን ብቻ አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጀልባው አለፈ፣ ድልድዩ ወረደ፣ እኔም ነዳሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እንደ አገራችን ሐኪሞች ነገር አታለባብስም። «ጭንቅላታቸው ውስጥ ብዙ ደም ፈሷል። አይነቁም። እናዝናለን» አለች።

«ትሰማለች?» አሉ አሌይዳ።

«አላውቅም። የሚሉት ካለ አሁን ይበሉ።»

ገባን። ኔል ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ትሩስ እንደነገሩኝ ለሐሙስ ብለው ረቡዕ ጠዋት ያሠሩት ፀጉር በአንድ ወገን ተጨፍልቋል። ትናንት «ፀጉራቸው ሳይሠራ» ያልኩት ውሸት ሆነብኝ። ለካ ተዘጋጅተው ነበር። ኬክ ብቻ ነው የቀራቸው።

አሌይዳ ወንበር ሳቡና እጃቸውን ያዙ።

«ኔል፣ አሌይዳ ነኝ። የእማዬ ቀብር ላይ አለመምጣቴ በደል ነው። ሰው ጋብዘን ነበር ያልኩሽ ምክንያት አይደለም፤ መምጣት እችል ነበር። ፈርቼ ነው፣ ኮርቼ ነው፣ አላውቅም። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ጠበቁ። እኔም በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። ያቺ እጅ እንድትጨብጥ፣ አንዲት ጣት እንድትንቀሳቀስ፣ ያለኝን ሁሉ ብሰጥ ደስ ባለኝ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ዮሊን፣ የሰማችኝ ይመስልሻል?» አሉኝ ዘወር ሳይሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ጠይቆኝ መልስ ያጣሁበት ቀን አልነበረም። ባቡሩ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ፣ የትኛው ወንበር ፀሐይ እንደማያገኘው፣ ሁሉን አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም። አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይ ብል መግደል ነው።

ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «የጥየቃ ሰዓት እያለቀ ነው። ለነገ ስንት ሰዓት ላይ ልያዝልዎ?» አለቻቸው በትሕትና።

«ምንም አትያዢ» አሉ አሌይዳ። «ከዚህ አልነሳም።»

ነርሷ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ደግሞ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ሌላ ወንበር አመጣችና ወጣች።

ኔል በዚያው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፉ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ እስከ ዛሬ የሚነግረን የለም። ረቡዕ ግን ይሰሙ ነበር።