ስምንተኛው ካስማ

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ መርፌ እንጂ መዶሻ ጨብጣ አታውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው የድንኳን ካስማ በሁለት ምት ብቻ መሬት ውስጥ ስጥም ሲልላት ደስ አላት። የሐይቁ ዳር አፈር እርጥብና ለስላሳ ነው፤ ጉልበቱ የሷ መሰላት እንጂ የአፈሩ ልስላሴ መሆኑን ማን ይንገራት።

መዶሻው የአባቷ ነው። አርባ ዓመት በአናጢነት የሠሩበት፣ እጀታው በመዳፋቸው ወዝ የጠቆረ የእንጨት መዶሻ። ዓይናቸው ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ ወርክሾፑ ተዘግቷል፤ ከዚያ ቤት የተረፉላቸው ይኸው መዶሻና ውሻው ብቻ ናቸው። ውሻው መሮ ይባላል። ከተወለደ ጀምሮ ደንቆሮ ነው። «እኔ አላይ፣ እሱ አይሰማ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው አንወጣም» እያሉ ይስቃሉ አናጢው። ሳቁን ተዉትና፣ ያለ መሮ ከአልጋቸው እስከ በሩ የሚደርሱበት ልብ የላቸውም። ሚስታቸው ሲቀበሩ ሰው ፊት ያላለቀሱት ሰውዬ፣ ባለፈው ክረምት መሮ ሁለት ቀን አልበላም ቢል ግድግዳ ተደግፈው አልቅሰዋል። ልጃቸው ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ አይታለች፤ ውሻው አንድ ነገር ቢሆን አባቷም እንደማይቆዩላት የገባት ያኔ ነው።

«ሐይቅ ባላይ እንኳ ላሽትት» ብለው ሦስት ወር ሲጨቀጭቋት፣ ውሻ የሚያስገባ የድንኳን ሰፈር ፈልጋ አመጣቻቸው። ዘበኛው በሩ ላይ አስጠንቅቋት ነበር። «ውሻ ይገባል፣ ግን ይታሰር። ከዛፎቹ ጀርባ ገደል ነው። የእንጨቱን ድልድይም ዘግተነዋል፣ መሐሉ ወልቋል።» እሷም መሮን ከአባቷ ተጣጣፊ ወንበር ጋር አሰረችው። አናጢው በጣታቸው ዳብሰው ፈቱት።

«ታስሮ አያውቅም። ከኔ ርቆ የት ይሄዳል?» አሉ።

አይታ ዝም አለች። በቀኑ መጨረሻ ራሷን የረገመችው ለዚህ ዝምታ ጭምር ነው።

የመጀመሪያውን ካስማ ስትመታ እግሯ ሥር የተኛው መሮ ብድግ ብሎ ፈንጠር አለ። በሁለተኛው ደግሞ ክንዷን አየት አድርጎ ትንሽ ራቀ። በአራተኛው ዛፎቹ ጋ ደርሶ ቁጭ ብሎ ይመለከታታል። «አኮረፍክ? እንዲያ ነው እንግዲህ» አለችው እየሳቀች። ሰባተኛውን መትታ ላቧን ስትጠርግ ከገደሉ የወጣ ጉም ዛፎቹን ውጧቸዋል። መሮ የለም።

ጮኸች። ስሙን እየጠራች ደጋግማ ጮኸች። ደንቆሮ በጩኸት አይጠራም፤ ግን ድንጋጤ መቼ ያሳስባል? ውኃ ይወዳል ብላ ወደ ሐይቁ ሮጠች፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። አናጢው ከወንበራቸው ጎን እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው አየሩን ይዳብሳሉ።

«መሮስ?»

«እዚሁ ነው» ልትል አፏን ከፈተችና አልቻለችም። «ጠፋ፣ አባባ» አለች።

«መዶሻውን አንሺና ምቺለት። ሦስቴ ሲመታ ይመጣል፣ ታውቂ የለ።»

«ስመታ አይደል እንዴ የቆየሁት? ሰባት ካስማ ሙሉ።»

«ስንት ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ሁለቴ።»

የአባቷ እጅ ባለበት ቀረ። «መጋዙን ከማስነሳቴ በፊት ወለሉን ሁለቴ እመታለታለሁ፤ ንዝረቱ በእግሩ ይሰማዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ማለት ራቅ፣ ውጣ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ሰባት ጊዜ ውጣ አልሽው፣ ልጄ።»

ሰጋቱራ ያስላት ስለነበር ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ ሲሠራ ገብታ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ለምሳ የሚጠራበትን ሦስቱን ምት ብቻ ነው።

«ምነው እጄን በቆረጠው።»

«እጅሽ አሁን ያስፈልገናል። ሂጂ። እንጨት ላይ ምቺ፣ አፈር አያሻግርም። ደሞ ሁለት ላይ እንዳታቆሚ።»

«እርስዎ ከወንበሩ እንዳይነሱ።»

«የት እሄዳለሁ?» አሉ። ስለ ውሻውም ያሉት ይህንኑ ነበር።

ጉሙ ውስጥ አጎንብሳ ዱካውን ተከተለች። ጭቃው ላይ የታተመው ዱካ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ የታዘዘ ፍጥረት አካሄድ ነው። በዛፎቹ መሐል አልፎ፣ ድልድዩን በዘጋው ገመድ ሥር ሾልኮ፣ ሳንቃው ላይ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ለመስቀል መሰላል ሦስተኛው እርከን ላይ ስትደርስ የሚያዞራት ሴት ናት። እንዲያም ሆና በገመዱ ሥር ሾልካ ሳንቃው ላይ ወጣች። ከሥሯ ውኃው ሲያጉረመርም ይሰማታል፤ አይታያትም። አለመታየቱ ባሰባት።

ከዚያ ጉሙ ሳሳ ሲል አየችው። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ወዲያ፣ ሳንቃው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ቁጭ ብሏል። ከፊቱ ሳንቃ የለም። ትእዛዙን ፈጽሞ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ተንበረከከች። «አንድ» ብላ መታች። መሮ አንገቱን ቀና አደረገ። «ሁለት» ብላ መታች። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የደረቀው መዶሻ ጭንቅላቱ ከእጀታው ወልቆ በድልድዩ ጎን ወረደ። ሲያርፍ ልትሰማ ጠበቀች፤ አልሰማችም።

መሮ ብድግ አለ። ሁለት ተመትቷል፤ ሁለት ማለት ራቅ ማለት ነው። የፊት እግሩን አንስቶ ባዶው ላይ ዘረጋ።

እጀታው ብቻ የቀረበት እጇ ምንም አይሠራላትም። ያን ጊዜ የገደሉን ፍርሃት ረስታ አልነበረም፤ እንደያዛት ነው ብድግ ብላ በሁለት ጉልበቷ ሳንቃው ላይ የወደቀችው። ሳንቃው ከሥሯ ቀጭ አለ። መሮ እግሩ እንደተንጠለጠለ ቆመ። እያሰላ ነው መሰላት፤ ሁለት ነው ወይስ ሦስት፣ ዘግይቶ የመጣ ምት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? 

እግሩን መለሰ። ዞረ። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተ፣ ምሳ የቀረበለት ይመስል ጅራቱን እየቆላ መጣ። አንገቱን አቅፋ ወደ ኋላዋ እየዳኸች ከድልድዩ ወረደችና መሬቱ ላይ ተዘርራ አለቀሰች።

ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ወንበሩ ባዶ ነው።

«አባባ!»

መልስ የለም። መሮ ግን ቀሚሷን ነክሶ ጎተታት። አናጢው ከድንኳኑ ጀርባ፣ ካስማ ያልተመታበት ጥግ ላይ ተንበርክከው፣ በግራ እጃቸው የድንኳኑን ገመድ ጨብጠው፣ በቀኝ ጡጫቸው መሬቱን ይደበድባሉ። ሦስት። ትንሽ ዝም። ሦስት። ጡጫቸው ተልጦ ደምቷል። መሮ ፊታቸውን ሲልሳቸው ነው ያቆሙት።

«አፈር አያሻግርም ብለውኝ የለም እንዴ?» አለች።

«ብያለሁ።» እጃቸው የውሻውን ጭንቅላት ዳብሶ አለፈና ጉልበቷን እስኪያገኝ ፈለገ። ቀሚሷ እዚያ ላይ ተቀዷል፤ ጣታቸው እርጥቡን ሲነካ ቆመ። «መሮን ብቻ መስሎሻል የጠራሁት?»

ነፋስ ተነስቶ የድንኳኑን ጥግ ያርገበግበው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ስምንተኛውን ካስማ አነሳች። መሮ ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን እጇ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ካስማውን መሬት ላይ አቆመችውና፣ አንድም ጊዜ ሳትመታ፣ በተረከዟ ቀስ እያለች ተጫነችው።