የወይዘሪት የክረምት ኮት

ክረምቱ እንደገባ ወይዘሪት ከቤት መውጣት አቆመች። ጠዋት በሩን ስከፍትላት ደፉ ላይ ቆማ አንድ እግሯን ትዘረጋለች፣ እርጥቡን ድንጋይ ትነካለች፣ ከዚያ እግሯን ሰብስባ «እናንተ ሂዱ» በሚል ዓይን ታየኛለች። ተመልሳም አባቴ ልብስ የሚተኩስበት ጠረጴዛ ሥር ትጠቀለላለች። እዚያ ይሞቃል።

ወይዘሪት ውሻችን ናት። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። ቡችላ ሳለች ጭቃ ባየች ቁጥር እግሯ እንዳይነካው ዞራ ታልፍ ስለነበር «ይቺማ ወይዘሪት ናት» አለ፤ በዚያው ቀረ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የፊቱ ክፍል ሱቁ ነው፣ የኋላው የምንኖርበት፤ በመካከላቸው ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ሁላችንንም ትቆጣለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ ሥራ እስካገኝ ድረስ የሱሪ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አክስቴ «ዝምዬ» ትለኛለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ቀን ወይዘሪት ልትነሳ ስትል የኋላ እግሮቿ ከዷት። አባቴ በካፖርት ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታቅፎ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። የእንስሳት ሐኪሟ ዳሌዋን ዳበሰች፣ እግሯን አጠፈች፣ ዘረጋች።

«ዕድሜው መጥቷል፤ ግን ገና ናት» አለች። «የሚጎዳት ብርዱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። ሙቀት ስጧት፣ ስትበሰብስ ቶሎ አድርቋት፣ ቤት ውስጥም አጫውቷት። ከሁሉ በላይ በየቀኑ ትራመድ። ክረምቱን እንዲህ ተኝታ ካሳለፈችው፣ በጋው ሲገባ የምትነሳ አይመስለኝም።»

ቤት እንደገባን አክስቴ መፍትሔውን ይዛ ጠበቀችን። ከከተማ ወጣ ብሎ አትክልት የሚያለማ የሟች ባሏ ወንድም አለ፤ ሰፊ ግቢ፣ ሰፊ መጠለያ አለው።

«ቅዳሜ በፒክአፑ ይመጣል። ይውሰዳትና እዚያ ትንቀሳቀስ።»

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም» አለ አባቴ።

«ታዲያ ችግሯ ምን ሆነና? አለመውጣቷ አይደል!»

አክስቴ ፊቱን አየችና ትንሽ ለዘብ አለች። «እሺ። ቅዳሜ ዳቦ ቤቱ ድረስ በእግሯ ወጥታ ከተመለሰች ትቀመጥ። ካልሆነ ግን እንባ አልፈልግም። አንቺንም ነው ዝምዬ።»

ዳቦ ቤቱ ከመንገዳችን ጫፍ፣ ከደረጃው በላይ ነው። በደህናው ጊዜ ወይዘሪት በሩጫ ትደርስበት ነበር።

በማግስቱ አባቴ የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን ትቶ ኮት ሊሰፋላት ተነሳ። አባቴ ሲለካ ሕግ አለው፤ ደንበኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አያወራም፣ ሆዱንም አይሰበስብም። የተከበሩ ሰዎች እንኳ ፊቱ እንደ ተማሪ ነው የሚቆሙት። ወይዘሪትንም ጠረጴዛው ላይ አወጣና «ቀጥ! እንዳትነቃነቂ» አላት። ቀጥ አለች።

«ሆዷን ደብቃ እንዳታታልልህ» አለች አክስቴ ከመጋረጃው ወዲያ።

ኮቱ ውጪው ውሃ የማያስገባ ጨርቅ፣ ገበሩ ወፍራም ሱፍ ነው፤ ኮሌታ ሳይቀር አለው። ሲያለብሳት አንዲት መጨማደድ አልታየችበትም። አጨበጨብን። ወይዘሪት ግን ባለችበት ቆማ ቀረች። ጠራናት፤ ዓይኗን ብቻ አዞረች። የተቀቀለ የዶሮ ጉበት አሳየናት፤ ለሃጯ ወረደ እንጂ እግሯ አልተነሳም።

«ሐውልት ሠራህልን» አለች አክስቴ።

«አዲስ ልብስ ነው፤ ትልመደው እንጂ!»

አልለመደችውም። በየቀኑ አልብሼ በራፍ ላይ ሳወጣት፣ ዝናቡ ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጎረቤታችን ጫማ ጠጋኙ ከጥላው ሥር ሆኖ «ታክሲ ላስቁምላት?» ይለኛል። አባቴ ዳሌዋ ብሶባት ነው ብሎ አመነ። ምሳውን መጨረስ ተወ።

እኔ ሐኪሟ ያለችውን የቤት ውስጥ ጨዋታ ያዝኩ። ኮቷን አወልቅላትና የቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥናችንን ወለሉ ላይ ገልብጬ ጉበት እደብቅበታለሁ። ወይዘሪት ክምሩን በአፍንጫዋ ታርሰዋለች። ስታገኝ ጭራዋን ትቆላለች፣ ደግሞ አምጪ ትላለች። የጨርቅ ጠርዝ ስሰጣት እየጎተተችኝ ከክፍል ክፍል እንዞራለን። በራፍ ላይ የምትደርቀው ውሻ ይቺ ናት ብሎ የሚያምን የለም።

አልገባኝም። የያዛት ዳሌዋ ከሆነ እዚህስ ለምን አልያዛትም?

ተንበርክኬ አረማመዷን አየሁ። የፊት እግሯ ሲወረወር ትከሻዋ አብሮ ይወጣል። አንገቷ ይወርዳል፣ ደረቷ ይሰፋል፣ ጀርባዋ ይረዝማል። ጠረጴዛው ላይ የተለካችው ወይዘሪት ሌላ ነበረች። ኮቱን አንስቼ ብብቱን በጣቶቼ ወጠርኩት። ለቆመች ውሻ ልኳ ነበር፤ ለምትራመድ ግን ማሰሪያ ነው።

አባቴን «ልክ አይደለም» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። አንዴ አንድ ደንበኛ እጅጌው ጠበበኝ ቢለው «እጅዎን ምን አድርገውት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየው ይቅርታ ብሎ ሄደ። እኔም ኮቱን ታቅፌ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ልመለስ አልኩ። ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝና ገባሁ።

«አባባ፣ ኮቱ ይይዛታል።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «የቱ ጋ?»

«ብብቷ ጋ። ደረቷም ላይ። ቆማ ስለለካሃት ነው።»

«ደንበኛ እየሄደ አይለካም።»

«ደንበኛ ለሠርግ ይለብሰዋል፤ ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል» አልኩ። ኮቱን ዘረጋሁለት። «እሷ ግን ልትሄድበት ነው።»

አክስቴ በጥርሷ የያዘችውን ክር ለቀቀች። «ዝምዬ ተናገረች!»

አባቴ ኮቱን ተቀበለኝ። እንደ ሌላ ሰው ሥራ አገላብጦ አየው። ከዚያ መቀሱን አነሳና ብብቱን ይተረትር ጀመር። «ሂጂ፣ ጉበቱን አምጪ» አለኝ።

ከሰዓቱን እኔ ጉበት ይዤ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ ወይዘሪት ትከተለኛለች፣ አባቴ ጠመኔውን በጥርሱ ነክሶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ በአራት እግሩ ይከተላታል። መሐል ላይ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ሰው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ትንሽ ይታገሱ» አለችው አክስቴ። «ደንበኛ እያስተናገደ ነው።»

አባቴ የኮቱን ትከሻ ሰፋ አድርጎ ቆረጠው። ደረቱ ላይ የሚለጠጥ ላስቲክ አስገባ፣ ከሆዷ ሥር ሰፊ ማሰሪያ ሰፋ። ኮሌታውን ሲነቅል ግን ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ዝናቡ አልቆመም። የአክስቴ ባል ወንድም ፒክአፑን በራፋችን ላይ አቁሞ፣ ባርኔጣውን እያራገፈ ገባ። አክስቴ ብርድ ልብስ አጣጥፋ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። ለመንገዷ መሆኑ ነው አልኩ በልቤ። አባቴ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ቀና አላለም።

ኮቷን አልብሼ በሩን ከፈትኩ። ወይዘሪት እግሯን ዘረጋች፣ እርጥቡን ድንጋይ ነካች፣ አየችኝ። ምንም አላልኳትም፤ ዝም ማለት እችልበታለሁ። ዝም ብዬ መንገዱን ጀመርኩ። ከኋላዬ የጥፍሮቿን ድምፅ ሰማሁ።

ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን ወደ ላይ አነሳልን። ደረጃው ወገብ ላይ ስንደርስ ቆመች፤ የኋላ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ላነሳት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ወይዘሪት አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ወጣ፤ ኮቱም አብሯት ሄደ። እስከ ጫፍ ድረስ አላረፈችም።

«ወይዘሪት! ከየት ተገኘሽ?» ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት እጁ ቅርፊት ወረወረላት። ዋጠችውና እኔ ወደ ቤት ስዞር እሷ አልዞረችም። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የዝናብ ውሃ ያቆረበት ሜዳ አለ። ከቡችላነቷ ጀምሮ ጭቃ የምትጠየፈዋ ውሻ መሐል ለመሐል ገባችበት። ሮጠች። ትንሽ ወደ ጎን ታዘነብላለች እንጂ ሮጠች! ዞራ መጣች፣ አለፈችኝ፣ ደግሞ ዞረች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ድንገት አክስቴ ያለ ጃንጥላ፣ ብርድ ልብሱን በብብቷ ይዛ፣ እያለከለከች ከደረጃው ብቅ አለች። ባለ ፒክአፑ ይከተላታል።

«የት ወደቀች? ኑ እንሸከማት! ምነው አፌን በቆረጠው…»

በጣቴ አሳየኋት። ወይዘሪት አክስቴን ስታይ በሩጫ መጣችና እግሯ ሥር ቆማ ሰውነቷን አራገፈች። ጭቃው እስከ አክስቴ ግንባር ደረሰ።

«እስከ ዳቦ ቤቱ ነበር ያልኩት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ብርድ ልብሱን በገዛ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ሰውየው ዞረች። «በል፣ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ ዳቦ ግዛ።»

ስንመለስ የምትመራው ወይዘሪት ነበረች። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። የእኛን ፊት አላየም፤ ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ብብቱስ?» አለኝ ገና ከሩቅ።

«ልክ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጫማ ጠጋኙ ዞሮ አየኝ። አልደነገጥኩም፤ ደገምኩት። «ልክ ነው፣ አባባ!»