የአንድ ፊደል ጭማሪ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ «አራት ነጥብ» ይሉት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በአራሚነት ሠርቷል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ያለፈ ጸሐፊ በእሱ ዘንድ በር ሳይዘጋ ከወጣ እንግዳ አይለይም። መዝጋት ይወድ የለ፣ አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱን ራሱን ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ቤት ተቀምጧል።

እነዚህን ወራት ቤቱን ደግፋ የያዘችው ባለቤቱ ናት። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። እርጥብ አንሶላ ከማሽን እየጎተተች ታወጣለች፣ ጋሪ ላይ ትከምራለች፣ ጋሪውን ትገፋለች። ቀኝ ትከሻዋ ከታመመ ቆይቷል፤ ፀጉሯን የምታበጥረው በግራ እጇ ነው። ሐኪሙ ይህን ሥራ ካልተውሽ ክንድሽ አይነሣም ብሏታል። እሷ ደግሞ አንተ ሥራ ያገኘህ ዕለት እተዋለሁ ትለው ነበር፤ እሱም በዚያው ዕለት ይላታል።

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። አንድ ትንሽ አሳታሚ ድርጅት በአራሚነት ሊቀጥረው ፈልጓል። ያመለከተበት የሥራ ማስታወቂያ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይል ነበር። አራት ነጥብ እንደ ልማዱ ቀይ ብዕሩን ይዞ ማንበብ ጀመረ። «ስራ» የሚለውን «ሥራ» አደረገው። «ደሞዝ» የሚለውን «ደመወዝ» አለው። ቀጥሎ ቁጥሩ ላይ ደረሰ። 4,200 ይላል። ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ማተሚያ ቤቱ አሥራ ሦስት ሺህ ይከፍለው ነበር፤ ይኸኛው የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ለሳሙና እንኳ አይተርፍም።

ደግሞ አየው። ከቁጥሩ በፊት ያለው ክፍት ቦታ ከወትሮው ሰፋ ያለ መሰለው። እዚያ ጋ አንድ አኃዝ ወድቋል፣ 14,200 ለማለት ፈልገው ነው አለ ለራሱ። «ሥራ»ን በትክክል መጻፍ ያልቻለ ሰው ቁጥሩን ምን ብሎ ይምረዋል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ እሱ ግን ወተቷን ማለብ ጀምሮ ነበር።

በሙያው አንድ ሕግ አለ፤ ለስንቱ ጀማሪ ያስተማረውም እሱ ራሱ ነው። ፊደል ይታረማል፣ ቁጥር ይጠየቃል። ዋናውን ረቂቅ ሳያይ ቁጥር የነካ አራሚ፣ አራሚ አይደለም። ስለዚህ እንደ ደንቡ ሁለቱ ቃላት የታረሙበትን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አስነሣ፤ ኮፒው ላይ ቁጥሩ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጎ «ምናልባት አንድ አኃዝ ተገድፎ እንደሆነ በትሕትና ቢጣራልኝ» ብሎ ጻፈበትና ወስዶ ለድርጅቱ አስገባ። መሥሪያ ቤቱን ጠየቀ። ለሚስቱ ግን አረመላት።

«ስንት አሉህ?» አለችው ከሥራ ስትገባ፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አይታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ።

«አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ» አላት። ከአፉ ሲወጣ እውነት መሰለው።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያም ትከሻዋን በግራ እጇ እያሻሸች ሳቀች። በማግስቱ ለክፍል ኃላፊዋ ሥራ መልቀቋን ነገረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ግን አሥራ አንድ ወር የጠበቀ ሰው ቸኮለ አይባልም። የቸኮለው እሱ ነው። ያን ቀን እንኳ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፤ ኃላፊዋ ጋ ተመልሳ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብትል ማንም አይከለክላትም ነበር። አልተናገረም። ፈሪ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መልሱ እስኪመጣ ልጠብቅ አለና ማክሰኞን፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን አሳለፈ።

ዓርብ ጠዋት ድርጅቱ ጠራው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ወንበር ሰጥታው እንደ አዲስ የታተመ ደብዳቤ አቀረበችለት። «ስራ» ሥራ ሆኗል፤ «ደሞዝ»ም ደመወዝ። ቁጥሩ 4,200 ነው፤ ዳግመኛ እንዳያሳስት ተብሎም አጠገቡ በፊደል «አራት ሺህ ሁለት መቶ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ላይ አንድ ፊደል ተጨምሯል፤ ገንዘቡ ላይ ምንም።

«ጋሼ፣ ስለ እርማቱ በጣም እናመሰግናለን» አለችው፣ ከልቧ። «ቁጥሩ ግን ልክ ነው።»

«ማስታወቂያው እኮ በስምምነት ይላል።»

«አዎ። ከተስማሙ ይፈርማሉ ማለት ነው።»

ስለ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነገራት፤ በእጁ ስላለፉት መጻሕፍት፣ ስለ ትምህርት ማስረጃው። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከዚህ ባነሰም ለመፈረም እየጠበቁ መሆናቸውን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርሞ ካላመጣ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ አቀርቅራ ነገረችው። ሊቆጣት ፈልጎ ነበር። የእሷም ጫማ ተረከዙ ማለቁን ሲያይ ተወው።

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። የሥራ ልብሷን ጠዋት አስረክባለች። በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ሴት ማሽኑን መክፈት ስላቃታት አሳይታት መምጣቷን፣ ልጅቷ ጠንካራ ትከሻ እንዳላት በጨዋታ አወራችው። እሱ ደብዳቤውን ሰጣት።

ቆማ አነበበችው። አጭር ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

«የፊተኛው ደብዳቤ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንሥቼ አላየሁትም። አንተ ያነበብከውን ወረቀት ምን ብዬ ደግሜ አነባለሁ?»

በሙያው ዘመን ሁሉ እንዲህ ያመሰገነው ሰው የለም። ምነው በሰደበችኝ አለ በሆዱ።

ምን ልትመልስላቸው ነው ብላ ጠየቀችው። እፈርማለሁ አላት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሌላ ምን ሊል ነው? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈረመ። ፊርማውን እስኪጨርስ ጠብቃ ጫማዋን አደረገች፣ ነጠላዋን በግራ እጇ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። የልብስ ማጠቢያው ቦታዋ እንደተያዘ ታውቃለች፤ ወለል የሚያጸዱት ዘንድ ግን ሰው ሳይጎድል አይቀርም፣ ልጠይቅ አለች። በዚያ ትከሻ ወለል ልትወለውል።

«አትሂጂ» ሊላት አፉን ከፈተ። አራት ሺህ ሁለት መቶ «አትሂጂ» የሚያሰኝ ገንዘብ አይደለም። የበሩ እጀታ ለክንዷ ይከብዳታልና ተነሥቶ ከፈተላት።