የየካቲት ጉድጓዶች

የቀበሌያችን የወጣቶች ኮሚቴ ሥራው ስለ ወጣቱ ጉዳይ ቀበሌውን ማማከር ነበር። አሠራራችን ቀላል ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሣህሌ ምን ብለን እንደምንመክራቸው ይነግሩናል፤ እኛ እንመክራለን፤ እሳቸው ምክሩን ተቀብለው ያመሰግኑናል፤ ከዚያ ይጨበጨባል። አንድም ምክራችን ውድቅ ሆኖ አያውቅም።

ያን ዓመት ግን ከራሳችን የሆነ ምክር አስፈለገን። ለየካቲት ዐሥራ ስድስት ጠዋት የነዋሪው ስብሰባ ተጠራ። ቀኑ ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። የኮሚቴያችን አባል የሆነችው የአፀደ እናት፣ ወይዘሮ አሳየች፣ ልጄ ገበየሁ ከሰሜን ጦር ግንባር በሕይወት ከተመለሰልኝ በዓመት በዓልሽ እንጦጦ ወጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው ተስለው ነበር። ገበየሁ እያነከሰም ቢሆን ቤቱ ገብቷል። ጃንጥላውም ተገዝቶ አልጋ ሥር ቀኑን ይጠብቃል። ከስብሰባ የቀረ ሰው ግን ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስሙም በክፉ ይነሣል።

«ስኳሩስ ይቅር» አለች አፀደ። «እማዬ ግን ስለቷን ካላደረሰች እንቅልፍ የላትም። እኔም ፈርቻለሁ።»

መላውን ያመጣው ሌላው የኮሚቴያችን አባል ሙክታር ነው። የኪዳነ ምሕረት ነገር እሱን አይመለከተውም፤ ግን የወይዘሮ አሳየችን ቤት እንደ ቤቱ እየገባ እየወጣ ነው ያደገው።

«ስብሰባን የሚሽር ዘመቻ ብቻ ነው» አለን። «እንጦጦ ላይ ዘመቻ እንጥራ።»

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሙክታር ተነሣ። የወጣቱ ሥራ መፍታት እንዳሳሰበው፣ የእንጦጦ ተዳፋት መራቆትም እንዲሁ እንዳሳሰበው ዘርዝሮ፣ በየካቲት ዐሥራ ስድስት ስብሰባው ቀርቶ ነዋሪው በሙሉ ለችግኝ ተከላ እንዲዘምት ኮሚቴው ይመክራል አለ።

ጓድ ሣህሌ መነጽራቸውን አወለቁ። «በየካቲት? በዚህ ሐሩር ችግኝ?»

እውነትም ይህን አላሰብንበትም። ጉራ አይሁንብኝና ነገሩን ያዳንኩት እኔ ነኝ። «ችግኙ በክረምት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «አሁን የምንቆፍረው ጉድጓዱን ነው።»

ጓድ ሣህሌ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ራሳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ።

በዕለቱ ቀበሌው አካፋና ዶማውን ይዞ ዳገቱን ወጣ። እንዲያ ያለ የነቃ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ለስብሰባ ወገባቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ነጭ በነጭ ለብሰው ለቁፋሮ ወጥተዋል። ጃንጥላውን «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ጽሑፍ ባለበት ቀይ ጨርቅ ጠቅልለን እኔና አፀደ ተሸከምነው። ጥቂት እንደተቆፈረ ከባሕር ዛፉ ማዶ እልልታ ተሰማ። ጓድ ሣህሌ ሰዓታቸውን እንኳ ሳያዩ «ዕረፍት» አሉ። ሜዳው ላይ ዶማ ብቻ ቀረ።

ወይዘሮ አሳየች ስለታቸውን አድርሰው፣ ዓይናቸው በዕንባ እንደራሰ ከእኛ ጋር ሲመለሱ፣ ጓድ ሣህሌ በአንድ ጅምር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው ጠበቁን። ጉዳችን ፈላ ብዬ ደነገጥኩ።

«እትዬ አሳየች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሲሳሉ ምን ብለው ነበር?»

የሳቸውም ልጅ ለይኩን እዚያው ግንባር ነበር። ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ዘማቾች ሲናገሩ እናጨበጭባለን እንጂ፣ ስለ ልጃቸው ደፍሮ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ወይዘሮ አሳየች በዕድሜ ይበልጧቸዋል። ክንዳቸውን ያዝ አደረጉና «የክርስትና ስሙን ንገረኝ» አሉ።

«ወልደ ሰንበት።»

ጓድ ሣህሌ ዶማ አንሥተው እስኪመሽ ቆፈሩ።

በዓመቱ፣ ገና ምን እንደምንመክር ሳናስብ፣ ጓድ ሣህሌ ምክራችንን ነገሩን፤ በየካቲት ዐሥራ ስድስት እንጦጦ ላይ የጉድጓድ ቁፋሮ። ያምናዎቹ ጉድጓዶች ችግኝ ሳያዩ አፋቸውን ከፍተው እንደቀሩ ያነሣ የለም። መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን።

በዕለቱ ከሁሉ ቀድመው ዳገቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። በብብታቸው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ይዘዋል። ከኋላቸው ለይኩን፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ አካፋ ተሸክሞ ይከተላቸዋል። ሙክታር ሮጦ ደረሰባቸውና እጁን ዘረጋ።

«ልያዝልዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ተወው ልጄ» አሉት። «ይህችን እኔው ልሸከማት።»