ክር ያህል ውሃ

ካሊፎርኒያ፣ ኤል ሴሪቶ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በረዶ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ደግነትም አላሰበችም። ጎረቤቷ ክብሮም ግን የቧንቧ ሠራተኛ ነውና ማክሰኞ ማታ ደወለላት። "ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል ተብሏል። የቤትሽ ውሃ የሚገባበትን የጓሮውን ቱቦ በፎጣ ጠቅልዪው። የኪችኑን ቧንቧ ደግሞ ክር ያህል ክፈት አድርገሽ እደሪ፤ የሚፈስ ውሃ ቶሎ በረዶ አይሆንም።"

የተባለችውን አንድም ሳታስቀር አደረገች። እንዴት አታድርግ! በነጋታው ጠዋት፣ በፈረንጅ ሰዓት ዘጠኝ ላይ፣ ቤቷ ለምትከፍተው የሕፃናት ማቆያ፣ ለዴይኬሯ፣ ፈቃድ የምትፈርመው ኢንስፔክተር ትመጣለች። ሰባት ወር ሙሉ ነው የጠበቀቻት። ፈቃዱን ተማምና የሆቴል ሥራዋን ለቃለች፤ አምስት እናቶችም ሰኞ ልጆቻቸውን ሊያመጡላት ተስማምተዋል። ብቻ አብረዋት ለሚኖሩት እናቷ መንገር ረሳች።

ጠዋት ብትነሳ ቧንቧው ዝግ ነው። ብትከፍተው ጠብ የሚል ነገር የለም። ሻወሩም ያው፣ ሽንት ቤቱም ያው።

"እማዬ! ማነው የዘጋው?"

ወይዘሮ ያለምዘውድ የጸሎት መጽሐፋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። "እኔ ነኝ። ለጸሎት ስነሳ ሲፈስ አገኘሁት። ምነው ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ በፈረቃ ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲባክን እያየሁ ዝም ልበል?"

ጉድ ፈላ! ደግነት ክብሮም ጋ ደወለች። እሱ ሩቅ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ሥራ ላይ ነው።

"ቧንቧውን ክፍት ተዪው። ቱቦውን በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያልሽ አሙቂው። እሳት እንዳታስጠጊ፣ ይፈነዳል!"

ኤክስቴንሽን ጎትታ ጓሮ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። "እመብርሃን፣ ዛሬን ብቻ!" እያለች አለቀሰች። እናቷ ነገሩ ሲገባቸው ክው አሉ። ጋቢያቸውን ቱቦው ላይ ጠምጥመው በሁለት እጃቸው አቀፉት። "እጄን ይቁረጠው! እኔው ልጄን ጉድ ልሥራት?"

ኢንስፔክተሯ ዘጠኝ ላይ ከች አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። አልጋዎቹን፣ አጥሩን፣ የመድኃኒቱን ሳጥን እያየች "ጥሩ፣ ጥሩ" አለች። ከዚያ ቧንቧውን ነካች።

"ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ እባክዎ!" አለች ደግነት።

ሴትዮዋ ሃያውንም ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። "አይም ሶሪ፤ ውሃ በሌለበት ቤት ልፈርም አልችልም። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ፣ ማርች ላይ ነው" አለችና ወጣች።

መኪናዋ ገና መንገዱን ሳትታጠፍ ቧንቧው ጉርር አለ። የዛገ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ይወርድ ጀመር። ደግነት ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

ወይዘሮ ያለምዘውድ ቀሚሳቸው ጭቃ እንደሆነ ገብተው ሲንኩ አጠገብ ቆሙ። ውሃው ይፈሳል። እጃቸውን ሰደድ አደረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ቧንቧ ለመዝጋት ማንንም አስፈቅደው አያውቁም።

"ልዝጋው ልጄ?" አሉ።